የሳጥኑ ጉሮሮ

የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ሙዚቃ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ስወጣ ልጄ መኪናውን ግቢ አስገብቶ፣ ከኋላ የጫነውን ትልቅ የጣውላ ሳጥን ይነካካል። ሳጥኑ ላይ ሰፊ ድምፅ ማጉያ ተገጥሟል፤ ከጎኑ ባለው ክብ ቀዳዳ ደግሞ ከታይዋን ገበያ የገዛው የፕላስቲክ ቧንቧ ገብቷል።

«እማዬ፣ ነይ እጅሽን እዚህ አድርጊ» አለኝ።

መዳፌን አስጠጋሁ። ሞቅ ያለ ነፋስ መዳፌን መታው፣ ተመለሰ፣ ደግሞ መታው። አዲስ የተቆረጠ ጣውላና የኮላ ሽታ ነበረው።

ያን ነፋስ አውቀዋለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት የሚታሰስበት ጊዜ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ እናቴን አግዛለሁ። ታላቅ ወንድሜ ራዲዮ ይጠግናል። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ጫፍ ላይ ባለው ግቢያችን፣ በኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ብረት የሚያስርበት ሞርሳ የተገጠመለት ጠረጴዛ ነበረው።

በሐረር መንገድ የሚሠራ ሹፌር ለመኪናው የድምፅ ሳጥን አዘዘው። «ወላሂ፣ ድሬ ላይ ስከፍተው ደንገጎ ዳገት ላይ ያሉት ይስሙኝ!»

«አቦ፣ ጩኸት ከፈለግህ ሁለተኛ ሚስት አግባ» አለው ወንድሜ። «እኔ የምሠራው ድምፅ ነው።»

ሥራው የሚከብደው ቧንቧው ላይ ነበር። ወንድሜ የሳጥኑ ጉሮሮ ይለዋል። «ከጠበበ ነፋሱ ያፏጫል» ይለኝ ነበር። «ከረዘመ ድምፁ ይወፍራል፣ ካጠረ ይቀጥናል። አንዴ የቆረጥሽውን ግን መልሰሽ አትቀጥይውም።» ስለዚህ ከብረት የውሃ ቧንቧ አስረዝሞ ይጀምራል። ሙዚቃውን ከፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ ቧንቧውን ሞርሳው ላይ አስሮ አንድ ጣት የምታህል በሰጌቶ ይቆርጣል። ደግሞ ያዳምጣል። የሚወድቁትን የብረት ቀለበቶች እኔ አምባር አደርጋቸው ነበር። ስሮጥ ይንቃጨላሉ።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ሹፌሩ መኪናውን በጀርባው አስገብቶ፣ ግማሹ ግቢ ግማሹ መንገድ ላይ ስለነበር በሩ አልተዘጋም። ሦስት አብዮት ጥበቃዎች ገቡ። መሪያቸው ሞርሳው ላይ የታሰረውን ቧንቧ አየ።

«ይሄ የምን አፈሙዝ ነው?»

«አፈሙዝ አይደለም፣ ጓድ። የሳጥኑ ጉሮሮ ነው፤ ድምፁ የሚተነፍስበት» አለ ወንድሜ።

«ድምፅ ይተነፍሳል?» ሁለቱ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። በሰደፍ የወንድሜን ትከሻ ሲመታው አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። እናቴ የመሪው እግር ላይ ወደቀች፤ በጫማው ገፈተራትና ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አንደኛው የእኔን አምባሮች አይቶ ክንዴን ጠመዘዘ። «ይቺም ታጥቃለች!» አለ።

«ልክፈተውና ስሙት» አለ ወንድሜ ትከሻውን ይዞ። «ውሸት ከሆነ ያኔ ግደሉኝ።»

ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ካሴቱን ከፈተ። ወንድሜ ቧንቧውን ከሞርሳው ፈትቶ ሳጥኑ ላይ ገጠመው። የሠርግ ዘፈን ነበር። «መዳፍዎን እዚህ ያድርጉ፣ ጓድ።» ሰውየው እጁን አስጠጋ። ነፋሱ ሲመታው እንደተነከሰ ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

«አቦ፣ ሳጥን አባረረህ!» ጓደኞቹ በሳቅ ሞቱ።

ተረፍን ብዬ ነበር። ሰውየው ግን ፊቱ ጠቆረ። ቧንቧውን ከሳጥኑ ነቀለው። «ድምፅ በዚህ የሚተነፍስ ከሆነ፣ እስቲ ለአንተም ይተንፍስልህ» አለው።

አንደኛው ወንድሜን አንበርክኮ እጁን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ሌላው የቧንቧውን አንድ ጫፍ ጆሮው ላይ ለጠፈ። መሪው ጠመንጃውን በሌላኛው ጫፍ አጠገብ ወደ ሰማይ አቅንቶ ተኮሰ። ደግሞ ተኮሰ።

የወንድሜ አፍ ሲከፈት አየሁ እንጂ ጩኸቱን አልሰማሁም፤ የእኔም ጆሮ ጭው ብሎ ነበር። ከጆሮው የወጣው ደም በአንገቱ ወርዶ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ባሩዱ ጉሮሮዬን ከነከነኝ። ጆሮዬ ሲከፈትልኝ የሰማሁት እልልታ ነበር። ሰዎቹ ሄደዋል፤ ካሴቱን ያጠፋው አልነበረም።

ያ ጆሮው ዳግመኛ አልሰማም። ሌላኛው ጆሮው ቀን ከሌት ይጮህበት ነበር። ሰው ቀስ ብሎ ሲያናግረው ፈገግ ይላል፤ እንዳልሰማ የማውቀው በዚያ ነው።

ትከሻው ሲሻለው ሹፌሩ መጣ። «ይቅር ወንድሜ፣ ሳጥኑም ይቅር» አለ ጮክ ብሎ፣ እያለቀሰ። ወንድሜ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ያንኑ ቧንቧ አጥቦ ገጠመው። ከዚያ እጄን ይዞ ቀዳዳው ፊት አስቀመጠኝ።

«ነፋሱ እንዴት ነው? ያንቀጠቅጥሻል ወይስ ይገፋሻል?»

ጣቶቼን አንቀጥቅጬ አሳየሁት። ቆረጠ። ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሞ አሳየሁት። መጨረሻ ላይ «አሁን ገፋኝ» ስለው አጎንብሶ፣ በማይሰማው ጆሮው በኩል ጉንጩን ቀዳዳው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። እንደ ድሮው ረጅም ጊዜ ቆየ።

«በዚህም መጣልኝ» አለ።

አሁን እሱም የለም። ከአምባሮቹ አንዱ ብቻ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ እጄ ላይ አይገባም።

«እማዬ፣ እንዴት ነው?» አለኝ ልጄ።

«ያንቀጠቅጣል እንጂ አይገፋም። ትንሽ ቁረጠው፤ ትንሽ ብቻ።»

«አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽ?» ብሎ ሳቀ።

ሙዚቃውን እንዲቀንስ በእጄ አሳየሁትና፣ ሄጄ ክፍቱን የቀረውን የግቢውን በር ዘጋሁ።