ለገዛ አገር አይመረጥም

ታክሲ ውስጥ የሰው ስልክ መልእክት ገብቶለት ጢው ባለ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሽሮ ሜዳ የነበረው የአባዬ የሽመና ቤት ትዝ ይለኛል፤ ሸማኔዎቹ ሁሉ መወርወሪያቸውን አስቀምጠው፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው፣ ለእህቴ ለአስቴር ድምፅ የሰጡበት ቀን።

ክረምቱን አስቴር ድር እያደራች ትዘፍን ነበር። ከመዝሙር ሌላ የማይወደው አባዬ እንኳ፣ ለሞተችው እናታችን ያወጣችውን ዘፈን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅስ ነበር። በዚያ ዘፈን ከብዙ አገር ወጣቶች ጋር በቴሌቪዥን እንድትወዳደር ተመረጠች፤ ያሸነፈ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በነፃ ይገባል ተባለ። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

መስከረም ላይ ደንቡ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣና እየተንተባተብኩ አነበብኩት። የየአገሩ ተመልካች በስልክ ይመርጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው የዚያን አገር ከፍተኛ ነጥብ ይወስዳል፣ ለገዛ አገር የተላከ ድምፅ ግን አይቆጠርም ይላል። «አባዬ፣ ናይሮቢ የጥበብ ልብስ ለሚነግዱት ዘመዶቻችን እንደውልላቸው፤ የእነሱ ድምፅ ከዚያ ይቆጠርላታል» አልኩት። አባዬ እዚህ አገር የውድድሩ አስተባባሪ ለነበረው ሰው ደውሎ ጠየቀው። ሰውየው «አባባ፣ ልጅ ያነበበውን ይተዉት፤ የሰፈሩን ሰው ያስልኩ!» አለው። ያውቅ ነበር። ከየመልእክቱ ክፍያ ድርሻ ስለነበረው፣ አባቴን የሚያህል ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸው።

ጥቅምት ላይ፣ የውድድሩ ቀን፣ ሥራ ቆሞ ሲላክ ዋለ፤ ለያንዳንዱ መልእክት «ድምፅዎን ስለሰጡ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ይመጣ ነበር። ነጥብ ሲነበብ አገራችን ከፍተኛውን ለሌላ ሰጠች፣ ለአስቴር ምንም። በጥቂት ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። አባዬ ወደ ሸማኔዎቹ ዞሮ «ሳትልኩ ነው ላክን የምትሉኝ?» ብሎ ጮኸባቸው፤ እኔም ደንቡን ይዤ ብጮህ የሰማኝ አልነበረም። አስቴር ከውድድሩ ስትመለስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሽሮ ሜዳ እንኳ አልመረጠኝም?»

አሁን በደንቡ አልናደድም። ሁሉም ለራሱ ቢመርጥ ሕዝብ የበዛለት አገር ሁልጊዜ ያሸንፍ ነበር። ዛሬ ዛሬ ስልኩ ራሱ፣ የገዛ አገርህን ስትነካ፣ አይቻልም ብሎ ይመልስሃል። ያኔ ግን ይቀበልና ያመሰግን ነበር፤ ያ አስተባባሪም እያወቀ አስላከን። እሱን ይቅር አልለውም።

አስቴር ዛሬ ነጠላ ትሸጣለች። አምና ደንቡን በአማርኛ ጽፌ ሰጠኋት፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ «ገባኝ» አለችና ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ከውድድሩ ወዲህ ግን ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም።