ገዳዩን ከሰሊጥ አበጣሪዎች መደበቅ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያገኘሁትን የወንጀልና የስለላ ልብ ወለድ ሁሉ አነብ ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ይሆናል፣ ዝም ብሎ የሚታዘብ መርማሪ ደስ ይለኛል። ራሴ መጻፍ ስጀምር ያገኘኋቸው አድማጮች ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ፣ በአጎቴ መጋዘን ሰሊጥ የሚያበጥሩ አራት የመተማ ሴቶች ነበሩ። ረፋድ ላይ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ አነብላቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ታሪኮች ገዳይ ገና ከጅምሩ ያዙብኝ።

"መጀመሪያ የሚያለቅሰው ነው። አንቺ ልጅ ሁልጊዜ እሱን ታስለቅሺዋለሽ" አሉኝ በዕድሜ ትልቋ።

ሦስተኛውንም ካወቁት መጻፍ ልተው ወሰንኩ።

ሦስተኛው እርሻ ላይ የሚፈጸም ግድያ ነው። ገዳዩ ታስሮ እንዲደርቅ በቆመው ሰሊጥ መሃል ተሹለክልኮ ያመልጣል፤ ዱካ የለም። ማንነቱ ጋ ሳልደርስ ትልቋ ሰፌዳቸውን አስቀመጡ።

"የደረቀ ሰሊጥ ነክቶ ፍሬውን ሳያረግፍ?"

"ወላሂ፣ ዩኒቨርሲቲ ይኼን አያስተምርም" አለች ታናሽየዋ። ሳቁብኝ።

ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ግን ሌላ ነገር ታየኝ፤ የረገፈው ሰሊጥ ራሱ ዱካ ይሆናል! ችግሩ፣ ሰሊጥ የሚባል ነገር ከእነዚህ ሴቶች ዓይን እንዴት ይሰወራል? ሦስት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ ዱካውን በባለ እርሻው ስድብ ውስጥ ደበቅሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከነዶዎቹ እስከ ትራክተር ነጂው ድንኳን ድረስ ሰሊጥ ረግፎ ያያል፤ "እጃችሁ ይሰበር፣ ማሰር እንኳ አትችሉም" ብሎ ሠራተኞቹን ይሳደባል።

እንደገና ሳነብላቸው እዚያን ቦታ ድምፄን ሳልለውጥ አለፍኩት።

"አምና ያጨድንለት ባለ እርሻ ቁርጥ!" አለች ታናሽየዋ። ሁሉም ተቀባብለው ረገሙት። ንዴታቸው ዱካውን ሸፈነው፤ ማንም አላየውም።

መርማሪው ትራክተር ነጂውን ሲይዝ የሰፌዱ ድምፅ ቆመ።

"እስቲ ሁለተኛውን ገጽ መልሰሽ አንብቢው" አሉ ትልቋ። አነበብኩት።

"ከአፍንጫችን ሥር ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "የነጂው ሚስትስ? ልብሱ ውስጥ የገባውን ሰሊጥ ማን አራገፈለት?"



"እንጃ፣ እትዬ" አልኩ፣ እስክሪብቶዬን እየፈለግሁ።