ከዘፈኑ የተረፈ ሳቅ

ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት «መቀስ» ብሎ ነው። ምላሷ ስለሚቆርጥ ነው የሚሉ አሉ፤ እሱም ከእውነት አይርቅም። ቅጽል ስሙን ያመጣባት ግን ሙያዋ ነው። መቀስ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በሠራዊቱ ፊልም ክፍል ውስጥ ፊልም ስትቆርጥና ስትቀጥል የኖረች ሴት ናት።

«ሥራዬ ቀላል ነበር» ትላለች የጠየቃት ሲኖር። «የሚጠቅመውን ማስቀረት፣ የማይጠቅመውን መጣል። ባል ስመርጥ ይህን ሙያዬን ባስታውሰው ኖሮ የት በደረስኩ!»

የሥራ ክፍሏ ምድር ቤት ነበር፤ መስኮት የለውም። የጠረጴዛው መሃል ወፍራም መስታወት ነው፤ ከሥሩ አምፖል ይበራል። ገና ያልተቀጠለው ፊልም እንደታጠበ ልብስ በትናንሽ ሚስማሮች ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ እንዳይጫጫር ጨርቅ የለበሰ ሣጥን ውስጥ ይወርዳል። የጣት ወዝ ፊልም ያበላሻል ተብሎ ሁሉም ነጭ የጥጥ ጓንት ያጠልቃል። ያ ልማድ ዛሬም አልለቀቃትም፤ ሳህንም ይሁን ፎቶግራፍ ዳር ዳሩን ነው የምትይዘው። ሰው ቤት ተጋብዛ ሳህን ስትቀበል ያያት፣ የተጸየፈች ይመስለዋል።

ያኔ የሰልፍ ዘፈን በሬዲዮ መሰማቱ ብቻ አይበቃውም ነበር፤ መታየት ነበረበት። አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር የክፍሉ አለቃ ሻምበሉ የድምፁን ቴፕ በብብቱ ይዞ ደረጃውን ይወርድና «እናንተ ሴቶች፣ ይሄ ልጅ ራቁቱን ነው፤ አልብሱልኝ» ይላል። ማልበስ ማለት ለእያንዳንዱ ስንኝ የሚስማማ ምስል መፈለግ ነው፤ ለከበሮው ቦት ጫማ፣ ለመለከቱ ሰንደቅ ዓላማ፣ ለዋሽንቱ የእናት ፊት። ቆራጮቹ ዘፈኑን ከመደጋገማቸው የተነሳ ቤታቸውም ይዘውት ይገቡ ነበር። መቀስ ሴት ልጇን እሹሩሩ ያለቻት በሰልፍ ዘፈን ነው። «ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ቀጥ ብላ የምትተኛው» ትላለች።

ከሥራ ሲወጡ ዓይናቸው የውጩን ብርሃን እስኪለምድ ድረስ ደጃፉ ላይ ተያይዘው ይቆሙ ነበር። ዛሬ ከሁሉ አብልጦ የሚናፍቃት ያ መቆም ነው፤ ሙጫ ሙጫ የሚሸት እጅ፣ የባልደረባ ትከሻ፣ «ነገ ደግሞ ምን ያመጣብን ይሆን» የሚል ቀልድ። ሥራችሁ ውዳሴ ነው ወይስ ፕሮፓጋንዳ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የሚጠየቁት «ደርሷል ወይ?» ተብለው ነው።

ከዚያ ምድር ቤት ከወጡት ሁሉ አንዱ ዘፈን ከልክ በላይ ታወቀ። ወታደሮች ተሰልፈው ዳገት ይወጣሉ፤ ቦት ጫማ፣ አቧራ፣ ሰንደቅ ዓላማ። ዘፋኙ «ሞት በሩን ቢያንኳኳ፣ በሳቅ ከፈተለት» ሲል አንድ ወጣት ወታደር አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል፤ ጥርሱ በረዶ ነው። ከዚያ ተመልሶ ቦት ጫማ። ልጁን ጓደኞቹ «ጥርሶ» ይሉት ነበር። ፊልሙ በተነሳ በጥቂት ሳምንት ከጦሩ ጋር ሄደ፤ አልተመለሰም።

ዕጣ ሆነና የጥርሶ ታናሽ እህት የመቀስ የግድግዳ ጎረቤት ሆነች። ልብስ ሰፊ ናት። ከወንድሟ የቀራት አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፤ እሱም ላይ ጉንጩን ነፍቶ፣ ተከስሶ የቀረበ ሰው መስሏል። ስለዚህ በየዓመቱ የሠራዊቱ ቀን መጥቶ ዘፈኑ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የስፌት መኪናዋን አቁማ በግድግዳው ትጮኻለች፦ «መቀስ! ድረሺ፣ ወንድምጋሼ መጣ!»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያሉ። ሳቁ ሲያልፍ ልብስ ሰፊዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግና ሁልጊዜ ያንኑ ትላለች፦ «በሞት ላይ የሳቀው ወንድሜ!» መቀስም ዝም ትላለች። ዋሽታ አታውቅም፤ የጠየቃትም የለም።

ሴት ልጇ የእናቷን ሙያ ወርሳለች፤ እሷ ግን የምትቆርጠው በኮምፒውተር ነው። («ጓንት የማይጠለቅበት ሙያ!» ትላለች እናት።) አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሱሪዋን ልታሳጥር ልብስ ሰፊዋ ዘንድ መጣች። መቀስ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ካለቁት ልብሶች ላይ የተረፈ ክር ትለቅማለች።

«እትዬ፣ የምሥራች አለኝ» አለች ልጅቷ፣ አንድ እግሯን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥታ በሌላው እንደቆመች። «ለሠራዊቱ አዲስ ዘፈን ክሊፕ እየሠራን ነው። የወንድምጋሼን ሳቅ መሃሉ ላይ ላስገባው ነው። አንቺ ከፈቀድሽ።»

«ውይ የኔ ልጅ! ምን ገዶኝ፣ አስገቢው እንጂ!» አለች ልብስ ሰፊዋ የሱሪውን እግር አጥፋ በመርፌ እየያዘች። «ግን አሁን የሚስቅ ወታደር ጠፍቶ ነው?»

«የአሁኖቹ ሳቁ ሲባሉ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው የሚመስሉት። የድሮዎቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ሳቁ ሲባሉ እውነት አስመስለው ይስቁ ነበር።»

መርፌው ቆመ።

«ሳቁ ሲባሉ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ልጅቷ ምን እንዳለች የገባት ያኔ ነው። «እንዲያው... እትዬ፣ ሥራ ነዋ። ክሊፕ ሁሉ እንደዚያ ነው። ፕሮፓጋንዳ ነው ማለቴ አይደለም፣ እሱማ መታሰቢያም ነው፣ ግን—»

«ስሚኝ ልጄ። መታሰቢያ በሉት፣ ፕሮፓጋንዳ በሉት፤ ስሙ የናንተ ጣጣ ነው። እኔ የምጠይቀው ሳቁ የማን ነው ብዬ ነው።» ዞራ መቀስን አየቻት። «አንቺ ነበርሽበት። ወንድሜ ታዞ ነው የሳቀው?»

መቀስ የለቀመችውን ክር መዳፏ ላይ አድበልብላ ያዘች። መልሱን ታውቀዋለች። መልሱ ግን አንድ ነገር ይሰጣል፣ አንድ ነገር ይወስዳል። የሚወስደው ደግሞ ይህች ሴት ስንት ዓመት ሙሉ የተደገፈችበትን ነው። ዝም ብትል ደግሞ «ሳቁ ሲባሉ» የሚለው ቃል እዚህ ቤት ሊያድር ነው።

«መጣሁ» ብላ ተነሳች።

ስትመለስ በአንድ እጇ የብስኩት ቆርቆሮ፣ በሌላው በእጅ የሚዞር የፊልም ማያ ይዛለች፤ ትንሽ መስታወት፣ አንድ አምፖል፣ ጎኑ ላይ እጀታ። ክፍሉ ሲዘጋ ማንም የማይፈልገው ዕቃ ነው ተብሎ የተሰጣት ነው። ከቆርቆሮው ውስጥ ነጭ ጓንት አወጣች፤ ከጓንቱ ውስጥ ደግሞ የተጠቀለለ ፊልም።

«ተቆርጦ የወደቀ ሁሉ ተጠርጎ ይቃጠል ነበር» አለች። «ይሄን ብቻ አስቀረሁት። ባየሁት ቁጥር ያስቀኝ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ደግሞ የሚያስቅ ነገር በራሽን ነበር። ለዘፈኑ የቆረጥኩት ከሌላው ኮፒ ነው፤ እዚህ ላይ ሙሉውን ታያለሽ።» ፊልሙን ዳር ዳሩን ይዛ አስገባችና አምፖሉን አበራች። «በይ አዙሪው። መዘውርማ የሚያውቅ እጅ ነው ያለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ማዞር ጀመረች። እጇ አይጣደፍም፣ አይቆምም፤ ሙያ ነው። ድምፅ የለም፤ ዘፈን የለም፤ የእጀታው ሲጥሲጥታ ብቻ። ወታደሮቹ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ሁሉም ግንባራቸውን ቋጥረዋል። ሻምበሉ ሜጋፎን ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ ይመራቸዋል፤ በእጁ ፊቱን ከላይ ወደ ታች ይዳብሳል፦ ኮስተር በሉ!

«ይሄ ማነው?»

«አለቃችን። ዝም ብለሽ አዙሪ።»

ሻምበሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ አንድ ሌላ። ከዚያ ጠፋ። ከመንገዱ ዳር የውሃ ቦይ ውስጥ ብቅ ብሎ የሚታየው የሜጋፎኑ አፍ ብቻ ነው። ሰልፉ ለመታገሥ ሞከረ፤ ትከሻዎች ተንቀጠቀጡ። መጀመሪያ የፈነዳው ጥርሶ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ፣ ቆቡ ወደቀ፣ ሆዱን ይዞ ተንበረከከ፣ ሻምበሉን ሊያወጣው እጁን ዘረጋና በሳቅ አቅም አጥቶ ራሱም ተንሸራቶ ገባ።

«ታዘው ነበር» አለች መቀስ ቀስ ብላ። «የታዘዙት ግን እንዳይስቁ ነው። ሻምበሉ ጠረጴዛዬ ላይ ይሄን ሁለት ጊዜ አስደግሞ አየው። ከዚያ ‹ሳቁን ሞት የሚለው ስንኝ ላይ አድርጊው፤ እኔን አውጪኝ› አለኝ። አወጣሁት። ሳቁን ከዚህ አንስቼ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ፊልሙን ወደ ኋላ አዞረችው፤ ጥርሶ ከቦዩ ወጣ፣ ቆቡ ዘሎ ራሱ ላይ ተቀመጠ፣ ሻምበሉ ከመሬት በቀለ። እንደገና ወደ ፊት። እንደገና ወደ ኋላ። መቀስ የምታየው ጀርባዋን ብቻ ነው፤ ሲንቀጠቀጥ «ምን ነክቶኝ ነው ያመጣሁት» አለች በልቧ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ስትል ግን እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነበር።

«ወንድምጋሼማ ሰው ሲወድቅ ካየ አለቀለት! አባባ ከመሰላል ሲንሸራተቱ ስቆ ተገረፈ፤ እየተገረፈም ይስቃል፣ ‹አባባ፣ እግርዎ እኮ እንዲህ ሲል› እያለ!» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔኮ የማስታውሰው ፊቱን ብቻ ነው፤ እንዲህ መሆኑን ረስቼው ነበር። በሞት ላይ የሚስቅ ሰው ነው ብለው ሰጡኝ፣ ያንን ይዤ ኖርኩ። ከአንዱ ሱሪ ፈትተው ሌላው ላይ የሰፉት ኪስ ነዋ! ኪሱ የራሱ ነው፤ ሱሪው ግን የሌላ።»

«ተቀየምሽኝ?» አለች መቀስ።

«ትንሽ። ቶሎ ባለማሳየትሽ።»

ልጅቷ እስካሁን አንድ የሱሪ እግሯ ረዝሞ፣ አንዱ አጥሮ ቆማለች። «እትዬ፣ እና... ክሊፑን ምን ላድርገው?»

«አስገቢው እንጂ። ሻምበሉ ሲወድቅ ጭምር።»

«ሻምበል ቦይ ውስጥ የሚገባበት የሠራዊት ዘፈን ማን ያሳልፍልኛል? ያባርሩኛል!»

«እንግዲያው ሳቁም አያልፍም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን እያነሳች። «አንድ ጊዜ ለብሰውታል፤ ይበቃቸዋል። ነይ፣ ያንን እግርሽን አምጪ።»

ልጅቷ እናቷን አየች። መቀስ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ የሳቁ ባለቤት ቆርጣለች ማለት ነው።

አዲሱ ዘፈን ያለ ጥርሶ ወጣ። አሮጌው ግን በሠራዊቱ ቀን እንደ ልማዱ ተላለፈ፣ ልብስ ሰፊዋም እንደ ልማዷ ግድግዳውን ደበደበች። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ መቀስ ገብታ ስትቀመጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘግቶ ነበር። ቦት ጫማው ያለ ከበሮ አለፈ፣ ሰንደቅ ዓላማው ያለ መለከት ተውለበለበ። መቀስ ዘፈኑን በአፏ ውስጥ ይዛ በጣቷ ጉልበቷን ትመታለች፤ ቆረጣው የት እንዳለ ጣቷ አይረሳም።

«አሁን» አለች።

«ሻምበል፣ ከቦዩ ተጠንቀቅ!» ብላ ጮኸች ልብስ ሰፊዋ፣ ወንድሟም አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አብሯቸው ሳቀ።