የቆመው ቬንቲሌተር

ለታናሽ ወንድሜ ሠርግ የሚብለጨለጭ መብራት ልንሠራ፣ እኔና ራዲዮ ጠጋኙ የእህቴ ባል አምቦ ባለው ቤታቸው ተቀመጥን። ከተበላሸ ካሜራ ያወጣነውን የፍላሽ አምፖል ከአሮጌ ራዲዮ ከነቀልናቸው ዕቃዎች ጋር በይደነው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ከልለን አበራነው። የእህቴ ባል የብልጭታውን ፍጥነት ቀስ እያለ ሲያስተካክል፣ ጠረጴዛው ላይ የሚሽከረከረው ቬንቲሌተር እየዘገየ መጣና ቀጥ አለ። ክንፎቹ አንድ በአንድ ታዩኝ።

እህቴ ገብታ በሩን ዘጋች። "በዚህ ሙቀት ለምን አጠፋችሁት?" ብላ ክንፉን ልትገፋ እጇን ዘረጋች።

"ዺሲ! ተይ!" ብሎ ባሏ ክንዷን ያዘ። "እየዞረ ነው!"

"ቆሞ እያየሁት?"

"ነፋሱ አይሰማሽም?"

ነጠላዋ ይርገበገባል። ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። "ታዲያ የቱን ልመን?"

ብልጭታው ከዙሩ ጋር ስለገጠመ ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ግን ዓይኔ ከቆሙት ክንፎች ላይ አልነቀል ስላለ፣ የምናገረውን እኔ ራሴ ማመን አቃተኝ።

ብርድ ልብሱን ራሷ ገፈፈችው። በቀን ብርሃን ክንፎቹ ጠፍተው ጉም የመሰለ ክብ ብቻ ቀረ። ወደ ክንፎቹ ዘርግታው የነበረውን እጇን በሌላው እጇ ያዘች። መብራቱን ወደ ሠርጉ እንድንወስደው የፈቀደችው፣ ባሏ ከአጠገቡ እንዳይለይ ቃል ካስገባችው በኋላ ነው።