ከጉርሻው በኋላ

ፀጉሬን ወደ ኋላ ካሰርኩ ከግራ ቅንድቤ በላይ ያለችው ጠባሳ ትታያለች። ስለዚህ ለብዙ ዘመን አላስርም ነበር። የጠየቀኝ ሁሉ «ልጅ እያለሁ ወድቄ ነው» የሚል መልስ ይዞ ሄዷል።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ እናቴ ሮም ውስጥ አንድ የስኮትላንድ መኳንንት ቤት ተቀጠረች። ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ክፍል እኔንም ይዛ እንድትኖር ፈቀዱላት። የቤቱ ጌታ ማዕረጋቸው «ኧርል» ነበር፤ እናቴ ግን በእኛ ሲመዘን ደጃዝማች ነው ብላ ወስና «ዛሬ ደጃዝማች ቁርስ አልበሉም» ትለኝ ነበር። ቤቱ የወለል ሰምና የእርጥብ ውሻ ሽታ ነበረው። በደረጃው ግድግዳ ላይ ማዕረጉን የወረሱት ሁሉ በሥዕል ተሰቅለዋል። አንዱ ወንድሙን በጩቤ ወግቶ የወረሰ፣ ልጁ አንገቱን የተቀላ፣ የልጅ ልጁ ደግሞ ጠላቱን ለእርቅ ጠርቶ ገበታ ላይ ያረደ። ደጃዝማች ይህን ሲያወሩልን ድምፃቸው ተረት እንደሚነግር ሰው ይለሰልስ ነበር።

የልጅ ልጃቸው አላስቴር እኩያዬ ነበር፤ ጨዋታችንም ይኸው ነበር። እሱ ሁልጊዜ ገዳይ፣ እኔ ሁልጊዜ ሟች። አንድ ቀን የገበታውን ግድያ እንጫወት አለኝ። በእኛ አገር የጎረሰ እንግዳ አይነካም፣ ካጎረስከኝ መግደል አትችልም አልኩት። «ቫ ቤኔ» ብሎ ተስማማ። ቅቤ ከተቀባ ትኩስ ዳቦ ቆርሶ አጎረሰኝ። ሳልውጠው በብር መቅረዝ ግንባሬን አለኝ። ወድቄም ደገመኝ። ደሜ ነጩን የገበታ ጨርቅ ሲያርሰው ዳቦው ገና አፌ ውስጥ ነበር። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተናል፤ አጉርሶ ስለሚመታ ሰው ግን የነገረን የለም።

እናቴ እየሮጠች መጣች። ደጃዝማች ቀስ ብለው ደርሰው «ወድቃ ነው፣ አይደል?» አሏት። ክፍላችንም የፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ እድሳትም በእሳቸው እጅ ነበር። እናቴ ደሜን በሽርጧ እየጠረገች፣ ፊቴን ሳታይ፣ «አዎ ጌታዬ፣ ወድቃ ነው» አለች። እሳቸው የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። እሱም አንድ ቀን እዚያ ደረጃ ላይ እንደሚሰቀል ያን ዕለት ገባኝ።

አምና እናቴ አረፈች። እዚያው ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ባለው ቤቴ ልቅሶ ተቀምጬ ሳለ አላስቴር መጣ። አያቱም አባቱም ሞተው ማዕረጉ ለእሱ ደርሷል። ለልቅሶ የመጡት ያገሬ ሴቶች ጌቶቿ አልረሷትም እያሉ ከትሪው ፊት አስቀመጡት። እኔ ለኀዘኑ ፀጉሬን አስሬ ነበርና አንዷ ስለ ጠባሳዬ ጠየቀችኝ። እሱ በጣሊያንኛ ቀደመኝ።

«ልጅ ሳለች ወድቃ ነው። እዚያው ነበርኩ።»

ክፍልም ፔርሜሶም የሚወስድብኝ ጌታ የለም። እናቴም የለችም።

«አልወደቅኩም» አልኩ። «አጉርሶ መታኝ።» በጣሊያንኛም ደገምኩለት።

ለእሱ ጉርሻ የጠቀለለችው ሴት መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው። «ታዲያ እዚህ ምን ይበላል?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ያኔ ደም በደም ሆኜ ከገበታ ያነሱት እኔን ነበር። አሁን ኮቱን ይዞ የተነሣው እሱ ነው፤ የሸኘውም የለም። እናቴ ብትኖር ነውር ነው፣ እንግዳ ነው ትለኝ ነበር። የዚያን ዳቦ ጣዕም እስከ ዛሬ መጥላት አቅቶኛል። ፀጉሬን ግን አስራለሁ።