በስድስት ፊደል የሚቆረጥ ስም

ወገዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ክፍሏ አንዲት፣ ኮምፒውተሯ አንዲት፣ እኔም አንድ። ከገበያ ቀን በቀር ባለጉዳይ ብዙም አይመጣም፤ የመጣውም ጉዳዩን እንጂ እኔን ብሎ አይመጣም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ደኅና ዋል ለማለት የሚዞር ጥቂት ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እሺ፣ ለማማረር ነው።

በአማርኛ የምጽፍበት ፕሮግራም ከድሮው ኮምፒውተሬ ጋር በዲስኬት የመጣ ነበር። ለአንድ ጽሑፍ የምሰጠው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ከስምንት ማለፍ አይችልም። ከዓመታት በኋላ አዲስ ኮምፒውተር ስገዛ ግን ያሻኝን ያህል ረጅም ስም የሚቀበል ሆነ። ደስ አለኝ። ሥራ በፈታሁባቸው ቀናት ሁሉ ተቀምጬ የድሮዎቹን ጽሑፎች «ማመልከቻ፣ ስለ ወሰን፣ የእገሌ»፣ «ማመልከቻ፣ ስለ ውርስ፣ የእገሊት» እያልኩ፣ በዚያው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሙሉ ስም ጠራኋቸው።

ችግሩ፣ እነዚያን ጽሑፎች ያለ ድሮው ፕሮግራም ስከፍታቸው ፊደሉ እንደ ፈሰሰ ጥሬ ይበታተናል። ስለዚህ ያንኑ ሽማግሌ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ጫንኩት። እሱም ተነሣ፤ ረጅም ስም ማየት ግን አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ያስቀርና እባብ የመሰለች ጭረት አድርጎ ቁጥር ያስከትላል። የኔ ጽሑፍ ደግሞ ሁሉም በ«ማመልከቻ» ይጀምራል። ማመልክ አንድ፣ ማመልክ ሁለት፣ ማመልክ ሦስት። ለአንዲት ውርስ ጠያቂ የማታውቀውን ሰው የወሰን ክርክር አትሜ ሰጠኋት፤ ደግነቱ ከበሩ ሳትወጣ አነበብኩላት።

ዘዴውን ያገኘሁት ከአባቴ ትምህርት ነው። አባቴ ቤተ ልሔም በተባለው የዜማ ትምህርት ደብር የድጓ መምህር ነበሩ። በዜማ መጽሐፉ በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፉ ደቃቅ ምልክቶች አሉ። አንድ ሁለት ፊደል ናቸው፤ የተማረ ሰው ሲያያቸው ግን ረጅሙ ዜማ ይመጣለታል። ከቃሉ መነሻ ብቻ አይወሰዱም። እኔም የሁሉንም መነሻ ትቼ አንዱን ጉዳይ ከሌላው የሚለየውን ነገር ስሙ አደረግሁት፦ ባሕር ዛፍ፣ በቅሎ፣ ምንጭ። ሽማግሌው ፕሮግራምም አነበበው።

ይህን ለአባቴ ልነግራቸው ጓጓሁ። ድጓውን ሳልጨርስ ወደ አስኳላ ስሄድ አዝነውብኝ ነበር። ትምህርትዎ እንጀራ ሆነኝ ልላቸው፣ በጭነት መኪና እስከ አርብ ገበያ ከተማ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ቤተ ልሔም በእግሬ ሄድኩ።

የምታስታምማቸው እህቴ ደጅ ላይ ተቀበለችኝ። «እንዳይከፋህ፤ አባየ ሰው መለየት ትተዋል» አለችኝ።

አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ገብረ…» አሉና ቆሙ።

እኛ አራት ወንድማማቾች ነን። አራታችንንም በገብረ ጀምረው በየታቦቱ ስም ጨርሰውናል። አንዱ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም፤ የቀረነው ተበትነናል። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ ደጁ ሄዶ ተመለሰ።

«ገብረ… የትኛው ነህ?»

ስሜን ነገርኳቸው።

«እሱማ ደኅና ነው ወይ? ከመጣ ቆየኮ።»

«ደኅና ነው» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ወገዳ ላይ ብቸኛ ነኝ እያልኩ ሳማርር የኖርኩት ሁሉ ቀልድ መሰለኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና በልጅነቴ ያስጠኑኝን ማዜም ጀመርኩ። እዚያው ዜማ ውስጥ ድምፄን ልጥል የሚገባኝ አንድ ቦታ አለ፤ እኔ ግን በተማሪነቴም ከፍ እያደረግሁት ነው የኖርኩት። አሁንም ከፍ አደረግሁት።

መቋሚያቸው መሬቱን መታ።

«ጣለው። ከልጆቼ ሁሉ አንተ ብቻ እዚህ ላይ ትወጣለህ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አሉና ስሜን እስከ ታቦቱ ድረስ ሙሉውን ጠሩት። «ለመሆኑ ወገዳ ኑሮ እንዴት ነው?»

ነገርኳቸው። ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለሚቆረጠው ስም፣ ስለ ምልክቱ። ኮምፒውተሩ የገባቸው አይመስለኝም፤ ምልክት የሚለውን ሲሰሙ ግን ፈገግ አሉ። «ታዲያ ከንቱ አልሆነም» አሉኝ። እህቴ ቆሎ ይዛ እስክትመጣ ድረስ ለእሳቸው ያው እኔው ነበርኩ። ቆሎውን ዘግነው ቀና ሲሉ እንደገና «ገብረ…» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር እያዜምኩ እዚያ ቦታ ላይ ከፍ እላለሁ። አባቴም መሬቱን መትተው ስሜን ይጠሩልኛል፤ ቆሎው እስኪመጣ እንጫወታለን።

«ይህን ያህል ዘመን አንዲት ቦታ ማቃናት አቃተህ?» አለችኝ እህቴ አንድ ቀን።

«አቃተኝ» አልኳት። በየመንገዱ ብቻዬን ሳዜመው ግን አቃንቼው እሄድ ነበር።

አባቴ ካረፉ ቆዩ። ሽማግሌው ፕሮግራምም አሁን የሚቀበለው ማሽን አጥቷል። ባለጉዳይ በሌለ ቀን በሩን ገርበብ አድርጌ ያንኑ ዜማ አዜማለሁ። እዚያ ቦታ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደርግና ትንሽ እጠብቃለሁ።