የገዛኸኝ ስኳር

ሐመልማል ደብረ ማርቆስ ላይ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምራለች። ካርቱም ግን ዲግሪዋን የጠየቃት የለም፤ ካርቱም ሁለት በሚባል ሰፈር የአንድ ክሊኒክ ወለል ስትወለውል አሥራ አንድ ዓመት አለፋት። ባሏ ገዛኸኝ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጫማ ይሰፋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን እየተወጋ የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ ነው።

የተጋቡ ሰሞን «ግን እኔን ምንድን ነው የያዘኝ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ለተማሪዎቿ እንደምታስረዳው አስረዳችው። የበላው ዳቦ አንጀቱ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆናል። ግሉኮሱ በደም ሄዶ ሴል ውስጥ ሲገባ ደረጃ በደረጃ ይሰባበርና ጉልበት ይሰጣል። ኢንሱሊን ከሌለ ግን አብዛኛው ሳይገባ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ የተረፈው በሽንት ይወጣል። ገዛኸኝ ሳቀና፣ «በልቼ የምራብ ሰው ነኝ በይኛ!» አላት።

ከተማው ውስጥ ጦርነት ሲጀመር ጀሪፍ ሰፈር ካለው ቤታቸው መውጫ አጡ። ክሊኒኩ ተዘረፈ፤ ፋርማሲዎቹ ተዘጉ። መብራት ሲጠፋ ሐመልማል የቀሩትን ሦስት የኢንሱሊን ብልቃጦች ከዚሩ፣ ከትልቁ የውሃ ጋን ሥር፣ ሸክላው በሚያቀዘቅዘው ቦታ አስቀመጠቻቸው። መጠኑን እየቀነሰች፣ እየቀነሰች፣ እስከ ሐምሌ አደረሰቻቸው። ከዚያ አለቁ።

የሚበሉት ሰፈርተኛው አዋጥቶ የሚያበስለውን አሲዳ፣ የማሽላ ገንፎ ብቻ ነበር።

«አሲዳውን ልተወው እንዴ?» አላት።

«ብትተወውም ጉበትህ የራሱን ስኳር ይሠራል» አለችው። እንደ ተናገረች ጸጸታት።

ገዛኸኝ ጆግ ሙሉ ውሃ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ደግሞ ይጠማዋል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። በአራተኛው ቀን ያስመልሰው ጀመር። አፉን ልትጠርግለት ስትጠጋ ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ሸተታት። ሐመልማል መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ ስቡን እያነደደ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድም ደሙን እየመረዘው ነው። ፈተና ላይ የምታወጣው ጥያቄ ነበር።

ጎረቤቷ ዘኪያ ግማሽ ብልቃጥ ኢንሱሊን ይዛ መጣች።

«ያ ኡክቲ፣ እህቴ፣ እናቴ ሞታ የተረፈ ነው። ይሆን ይሆን?»

ብልቃጡ በጋውን ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ከርሟል። ብርሃን ላይ ብታነሳው መድኃኒቱ ረግቶ ነጫጭ ቅንጣት ይዟል። ሙቀት ያበላሸው ፕሮቲን ተመልሶ እንደማይሠራ ሐመልማል ታውቃለች። ቢሆንም በመርፌ ሳበችው።

«ይሠራል አይደል?» አላት ገዛኸኝ።

«ይሠራል» አለችው።

ሮጦ እንደ መጣ ሰው በረጅሙ እየተነፈሰ ሁለት ቀን ቆየ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ትንፋሹ ቆመ።

የመቃብር ቦታው ከታጣቂዎች ኬላ ማዶ ስለሆነ ጎረቤቶች ባዶ ቤት ግቢ ውስጥ ቀበሩት። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ከአፈር እያራገፉ፣ «መስኪን፣ ረሃብ ገደለው» አሉ። ሐመልማል ደሙ ውስጥ ምግብ ሞልቶ እንደ ነበር ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ከየት ትጀምር?

«አዎ፣ ረሃብ ነው» አለች።

ዘኪያ ቤቷ አስገብታ አሲዳ አቀረበችላት። ሐመልማል አልበላም ማለት ፈልጋ ነበር፤ ግን እጇ አልታዘዝ ብሎ ሳህኑን ጠረገችው። ጥቂት ቆይቶ ጉልበቷ መመለሱ ተሰማት፤ የእሱ ያልቻለውን የቻለ ገላዋን ጠላችው።